የእኛ ባልሆነው ታማኝ ሆኖ መገኘት

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በየቁምስናው የምትደክሙ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም፤

በመስከረም ወር ማለዳ ከራስ መኮንን ድልድይ ተነሥተን ወደ አፍንጮ በር ስንወጣ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ሕፃናት ቦርሳቸውን አዝለው፣ ታናሹ የታላቁን እጅ ይዞ ሲጓዙ እናያለን። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የሚማሩት በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ከመካከላቸውም እሑድ በቅዳሴ ጊዜ ከፊታችን የሚቆሙ፣ በእጃችን ቅዱስ ቍርባን የሚቀበሉ የእኛው ልጆች አሉ። ነገር ግን ስለዚያ ትምህርት ቤት አጥር፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ፣ ስለ ተሰበረው ዴስክ ጥያቄ ሲነሣ፣ ሁላችንም ፈጥነን የምንሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «የመንግሥት ነው» እንላለን። ይህንንም ስንል ብዙ ጊዜ የማንም አይደለም ማለታችን ነው።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ መጋቢው ባስተማረው ምሳሌ ውስጥ ከዚህ አባባላችን ጋር የማይስማማ ቃል እናገኛለን። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 16፣ በቁጥር 12 ላይ፣ በሌላው ሀብት ታማኝ ሆኖ ያልተገኘ ሰው የራሱ የሚሆነውን ማን ይሰጠዋል ብሎ ይጠይቃል። ሰው በገዛ ቤቱ ዕቃ ጠንቃቃ ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም፤ የጠፋው የእርሱ ነውና። የመጋቢ ልብ የሚፈተነው የእርሱ ባልሆነው፣ ነገም ለሌላ በሚያስረክበው ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ዘመን መክፈቻ፣ ለትምህርት ቤት ኮሚቴ፣ ለወላጅ መምህር ኅብረት፣ ለቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር፣ ወይም ለትምህርት ቤት ማጠናከሪያ በሚሰበሰብ ገንዘብ ላይ ስለሚሾሙ ሰዎች አደራ ከእናንተ ጋር ልናስብ ወደድን።

ቅዱስ መጽሐፍ ስለዚህ ጉዳይ የሚነግረን አንድ ታሪክ አለ። በመጽሐፈ ነገሥት ካልእ ምዕራፍ 12 እንደምናነበው፣ ንጉሡ ኢዮአስ የእግዚአብሔር ቤት የፈረሰው እንዲጠገን ፈልጎ፣ ሕዝቡ የሚያመጣውን ገንዘብ ካህናቱ ተቀብለው ሥራውን እንዲያሠሩ አዘዘ። ዓመታት አለፉ። በነገሠ በ23ኛው ዓመት ቢጠይቅ፣ የፈረሰው ቦታ እንደ ፈረሰ ነበር። መጽሐፉ ካህናቱ ሰረቁ አይልም። ገንዘቡ ይገባ ነበር፤ ሥራው ግን አልተሠራም፤ የጠየቀም አልነበረም። ያን ጊዜ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ ክዳኑን ነደለ፣ በመሠዊያውም አጠገብ ለሁሉ በሚታይ ስፍራ አኖረው። ሣጥኑ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ በአንድነት ሆነው ይቆጥሩ ነበር። የተቆጠረውም ሥራውን ለሚያሠሩት ይሰጥ፣ ከእነርሱም ለአናጢውና ለግንበኛው፣ ለእንጨቱና ለድንጋዩ ይከፈል ነበር። በዚያ ገንዘብ የብር ዕቃ እንዳልተሠራበትም መጽሐፉ ለይቶ ይናገራል። ለጥገና የተሰጠው ለጥገና ብቻ ዋለ።

ይህን ምዕራፍ ስናነብ እኛም አንገታችንን የምንደፋበት ምክንያት አለን። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በክህነት አገልግሎታችን መጀመሪያ ላይ፣ በቁምስናው አቅራቢያ የነበረ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዴስኮቹ ተሰባብረው ልጆች ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበርና፣ ወላጆች ገንዘብ እንድናሰባስብላቸው ለመኑን። ሰው ካህንን ያምናል ብለን በደስታ ተቀበልን። የሰጠውን ሰው ስም በትንሽ ደብተር እየጻፍን ገንዘቡን ከኪሳችን አኖርን፤ ደረሰኝ አልቈረጥንም፤ ከእኛ ጋር የሚቆጥር ሁለተኛ ሰውም አልጠራንም። ዴስኮቹ ተሠርተው መጡ፤ ልጆቹም ተቀመጡባቸው። ከዚያ በኋላ እንጀራ ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ቀርበው፣ «አባቴ፣ ዴስኩ ስንት ወጣበት?» ብለው ጠየቁን። አንዴ ጠየቁ፤ ደገሙ፤ ሠለሱ። በሦስተኛው ተቈጣንና «ካህንን ይጠራጠራሉ?» አልናቸው። እርሳቸውም በእርጋታ፣ «እርስዎን አልጠረጠርሁም አባቴ፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው እንዲለምድበት ብዬ ነው እንጂ» ሲሉ መለሱልን።

ወደ ክፍላችን ተመልሰን ደብተሩን ስንመረምር፣ ከተሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱ በምን እንደ ወጣ ማስረዳት አቃተን። ለተሸካሚ ከፍለን ይሆናል፤ ምስማር ገዝተንበት ይሆናል፤ አልጻፍነውም። ሳንቲም አልሰረቅንም፤ ነገር ግን አደራውን በመዝገብ አልጠበቅነውም። በማግሥቱ ዓመት የዚያው ትምህርት ቤት ጣሪያ ሲያፈስ ወላጆችን ብንጠራ፣ የመጡት በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ያን ጊዜ ልጆቹ ከድንጋይ ተነሥተው በዴስክ ላይ ቢቀመጡም፣ ዝናቡ ከላያቸው ላይ ይወርድ ነበር። የወረደባቸውም በከፊል በእኛ ምክንያት ነው። ያች እናት የጠየቁን በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን እንደ ነበር የተረዳነው ዘግይተን ነው።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ ትምህርት ቤቶች አሏት፤ ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆን ምስክር ከዚሁ ሰፈር ሳንርቅ እናገኛለን። በ1917 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኮንን በራሳቸው ገንዘብ አሠርተው በስማቸው የከፈቱት፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በበላይነት የተቈጣጠሩት ትምህርት ቤት በዚሁ በከተማችን ሰሜናዊ ክፍል ይገኛል። ከጠላት ወረራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤቱን እንዲመሩላቸው ከካናዳ የኢየሱስ ማኅበር አባላትን ጠሩ፤ እነርሱም በ1945 እ.ኤ.አ. ሥራውን ጀመሩ። ከእነርሱ መካከል የታወቁት አባ ሉሲየን ማት ናቸው።

እነዚህ ካህናት የተቀበሉት ሁኔታ ቀላል አልነበረም። የክህነት ልብሳቸውን ሳይለብሱ፣ ተማሪዎችንም ወደ ካቶሊክ እምነት ለመሳብ ሳይሞክሩ እንዲያስተምሩ ተስማሙ። ትምህርት ቤቱ የእነርሱ አልነበረም፤ ስሙም የእነርሱ አልነበረም፤ ከልጆቹም አብዛኛዎቹ የእነርሱን ሥርዓት የሚከተሉ አልነበሩም። ሆኖም የሌላውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ፣ የሌላውን ቤት እንደ ራስ ቤት አድርገው ጠበቁ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙት እኒሁ አባ ማት ናቸው። ኮሌጁ አድጎ በ1961 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ አመራሩ ውሎ አድሮ ለኢትዮጵያውያን ተላለፈ። ዛሬም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁሉን ፈትኖ መልካሙን አጽንቶ ስለ መያዝ ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈውን ምክር መሪ ቃሉ አድርጎ ይዞአል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላም የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ስም ተለውጦ እንጦጦ ተባለ። መሥራቹ አለፉ፤ መምህራኑ አለፉ፤ ስሙም ተለወጠ። የተማረው ልጅ ግን ቀረ። የመጋቢ ዋጋውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በጥቅምት 28 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው፣ «ግራቪሲሙም ኤዱካዚዮኒስ» በተሰኘው መግለጫው፣ የልጆች የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን አስተምሮአል። ቤተ ክርስቲያን ካቶሊካዊ ባልሆኑ ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ብዙ ልጆችም ልታስብና ልትደርስላቸው እንደሚገባት ተናግሮአል፤ የወላጆች ማኅበራትም እንዲበረታቱ መክሮአል። እንግዲህ በወላጅ መምህር ኅብረት ውስጥ ገብቶ ማገልገል ከቁምስና አገልግሎት የሚያዘናጋ የዓለም ጉዳይ ሳይሆን የጥምቀታችን ግዴታ ነው።

ሀገራችን ይህን አገልግሎት ዛሬ አጥብቃ ትሻዋለች። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነ ጊዜ፣ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችንም በሐዘን ሰምተናል። በዚያው ዓመት ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ በሰየመው ንቅናቄ ኅብረተሰቡ የትምህርት ቤቶችን ይዞታ ለማሻሻል በገንዘቡ፣ በጉልበቱና በዕውቀቱ እንዲተባበር ጥሪ አቀረበ። ጥሪው መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ ገንዘብ በተሰበሰበበት ሁሉ ብዙ አደራ አለ፤ አደራው በተዘነጋበትም የሕዝቡ እጅ ይታጠፋል።

ሌላም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው በተካሄደው የኮሪደር ልማት በዶሮ ማነቂያና በሌሎችም ሰፈሮች ለዘመናት የኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ተነሥተው ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ሄደዋል። ከእነርሱም ጋር ዕድሩ ተበትኖአል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቶአል። ድሮ የትምህርት ቤቱ አጥር ሲፈርስ የሚያየው፣ ልጁ ከክፍል ሲቀር የሚጠይቀው፣ በሩን ከሌባ የሚጠብቀው ጎረቤት ነበር። አሁን ጎረቤቱ በተቀነሰበት ስፍራ ይህን አደራ የሚሸከም ሰው ማን ነው? ወደ ሩቅ ሰፈር የሄዱትስ በአዲሱ ስፍራቸው ባለው ትምህርት ቤት እንግዳ ነን ብለው ይቀመጡ ይሆን? ለሁለቱም ወገን የምንለው አንድ ነው፤ ለመጋቢነት ባለቤት መሆን አያስፈልግም።

ታዲያ ለዚህ አገልግሎት የምትመረጡ ሁሉ ልትጠብቁት የሚገባችሁን ከቅዱስ መጽሐፍና ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወስደን እናስታውሳችሁ።

አንደኛ፣ ማንም ብቻውን አይቍጠር። ሐዋርያው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለነበሩ ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲልክ ብቻውን አልያዘውም። ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ጨምሮ ላከ። ምክንያቱንም በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ሲገልጽ፣ ስለዚህ ብዙ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፋቸው በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እንደሚያስቡ ይናገራል። ጳውሎስ ሁለተኛ ሰው ከፈለገ፣ እኛማ እንዴት አብልጠን አንፈልግ? ሰብሳቢው ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ፣ ገንዘብ ያዡ ሌላ ይሁን። ገንዘቡ በባንክ ይቀመጥ፤ ሲወጣም ከአንድ በላይ ፊርማ ይጠየቅበት። ዕድሮቻችን ድንኳኑንና ሳህኑን ሳይቀር እየቈጠሩ መረካከብን ያውቁበታል። ለሙታን ያደረግነውን ጥንቃቄ ለሕያዋን ልጆች አንንፈግ።

ሁለተኛ፣ የሰጪው ፈቃድ ይጠበቅ። ለመጻሕፍት የተሰጠ ለመጻሕፍት፣ ለመጸዳጃ ቤት የተሰጠ ለመጸዳጃ ቤት ይዋል። ለእንግዳ ማስተናገጃና ለድግስ የሚወጣ ገንዘብ ከልጆች ገንዘብ አይነካ። አሳቡን መለወጥ ቢያስፈልግ፣ የሰጡት ተጠርተው ይጠየቁ።

ሦስተኛ፣ ሒሳቡ በአደባባይ ይነገር። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖናዎች መጽሐፍ በቀኖና 1028 የቤተ ክርስቲያን ንብረት አስተዳዳሪ እንደ መልካም የቤት አባወራ እንዲተጋ ያዝዛል፤ በቀኖና 1031ም በየዓመቱ ሒሳብ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ይህ ሕግ የተጻፈው ለቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው። ነገር ግን ክርስቲያን ሰው በቤተ መቅደስ አንድ ሕሊና፣ በትምህርት ቤት ሌላ ሕሊና ሊኖረው አይችልም። የገባውና የወጣው ማንኛዋም እናት በምትረዳው ቃል ተጽፎ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። የጠየቀውን ሰው አንቈጣው። ጥያቄው ለሥራው ያለው ፍቅር ነውና እናመስግነው።

አራተኛ፣ ድሃው አይፈር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚሰጠው ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ እንዲሆን ወስኖ ነበር። መዋጮ የሚደረገው በፈቃድ ነው፤ ያልከፈለ ወላጅ ልጅ ከክፍል የሚወጣ፣ ስሙም በሰልፍ ላይ የሚጠራ ከሆነ፣ መዋጮው ቅጣት ይሆናል። ጌታችን በመቅደስ ተቀምጦ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ያየው ሌሎች ሊያዩት ያልቻሉትን ስለሚያይ ነው። ገንዘብ የሌለው ግቢ ይጥረግ፤ ግድግዳ ይቀባ፤ ማንበብ ለተቸገረ ልጅ ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ይስጥ። ይህም በመዝገብ ይጻፍለት።

አምስተኛ፣ ሲበቃ ይብቃ። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 36 ሕዝቡ ለማደሪያው ሥራ ከሚያስፈልገው በላይ ባመጣ ጊዜ፣ ሙሴ በሰፈሩ አዋጅ አስነግሮ ስጦታውን አስቆመ። በቃ ማለትን የሚያውቅ መሪ በሚቀጥለው ጊዜ ስጡ ሲል ይሰማል።

ስድስተኛ፣ በጊዜው ይረከብ፣ በጊዜውም ያስረክብ። ነቢዩ ሳሙኤል ሸምግሎ ሕዝቡን በሚሰናበትበት ቀን በሁሉ ፊት ቆሞ፣ የማንን በሬ እንደ ወሰደ፣ ማንን እንደ በደለ ይመሰክሩበት ዘንድ ጠየቃቸው። ሕዝቡም ንጹሕ መሆኑን መሰከረለት። ከሹመት ስንወርድ መዝገቡን፣ ማኅተሙንና ቁልፉን በቃለ ጉባኤ አስረክበን፣ እንዲህ ብለን ለመጠየቅ የምንደፍር ከሆንን አገልግሎታችን ተፈጽሞአል። ለእኛ ካልሆነ ሰው የለም ብሎ በወንበር ላይ መቆየትም ከገንዘብ መውሰድ ባይተናነስ እንጂ የሚሻል አይደለም፤ የሚመጣውን ሰው እንዳያድግ ይከለክላልና።

ለእናንተም ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የምንነግራችሁ አለን። በእሑድ ትምህርታችሁ ልጆችን አትስረቅ የሚለውን ትእዛዝ ስታስተምሩ፣ የትምህርት ቤቱን ዴስክ በምላጭ መቅረጽ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ገጽ መገንጠል፣ ውኃውን ከፍቶ መተው የዚሁ ትእዛዝ ክፍል መሆኑን አስረዱአቸው። መጽሐፉ ከእርሱ በኋላ ሌላ ልጅ የሚያነበው መሆኑን ያወቀ ሕፃን የመጋቢነትን ሀሁ ጀምሮአል። ነገ የሕዝብ ገንዘብ በእጁ ሲገባ የሚጠብቀው በዚህ ዕድሜው የለመደው ነውና።

በክርስቶስ የተወደዳችሁ፤ ያች እናት ስለ ዴስኩ ከጠየቁን ብዙ ዘመን አልፎአል። ከዚያ ወዲህ በማናቸውም መዋጮ ላይ ያለ ደረሰኝና ያለ ሁለተኛ ሰው አንዲት ብር ተቀብለን አናውቅም። እርሳቸው ግን ያን ጊዜ መልስ ሳያገኙ ሄዱ፤ ይቅርታ ሳንጠይቃቸውም ወደ ሌላ ቁምስና ተዛወርን። ስለዚህ ይህን ስንጽፍ ለእናንተ ምክር ብቻ ሳይሆን ለእርሳቸው የዘገየ ሒሳብ እናቀርባለን። በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችሁ የወላጆች ጉባኤ ሲጠራ ሂዱ። ብትመረጡ እንቢ አትበሉ። ባትመረጡም ስንት ወጣበት ብላችሁ ጠይቁ። የተጠየቃችሁም በደስታ መልሱ። አንድ ቀን ሁላችንም ስለ መጋቢነታችን ሒሳብ እንድናቀርብ እንጠራለን፤ በዚያ ቀን የሚጠይቀን ደግሞ ከእነዚህ ታናናሾች ለአንዱ ያደረግነውን ለእርሱ እንዳደረግነው የሚቈጥር ጌታ ነው።

በናዝሬት ቤት ልጇን ያሳደገች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም፣ ያልወለደውን ልጅ በአደራ ተቀብሎ በታማኝነት የጠበቀው ቅዱስ ዮሴፍም፣ ስለ ትምህርት ቤቶቻችንና ስለ ልጆቻችን ይለምኑልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።